የታሰረ ትንፋሽ

በሚዮሳ ሐይቅ ዳር፣ ውርጭ መስኮት ሲልስ፣
ቱሪድ ነጭ ካፖርቷን ከጓንት ጋር ስትለብስ፣
ማሽኑ ይጠብቃል ከጥጉ ተጎልቶ፣
ከትናንትናው ሌሊት ሙጫ ሙጫ ሸቶ።

ስድስት ቀሰም ጥቁር ክር አለ ከመደርደሪያው፣
ከጸጉር የሳሳ ነው አንዱን ነጥለህ ብታየው፣
ቆልመም ብታደርገው በጣትህ መሃል ቀጭ የሚል፣
ብናኙ ክንድ የሚያሳክክ፣ ብቻውን ምንም የማይችል።

ሙጫ ውስጥ ይነከራል፤ ጠጥቶ፣ ረክቶ ይወጣል፤
በማበጠሪያው ጥርስ አልፎ ራሱን ለዘንጉ ይሰጣል።
ዘንጉ ላይ ስስ አሉሚኒየም፣ ልክ እንደ እንቁላል ቅርፊት፣
ይዞራል፣ ይዞራል ሌሊቱን፣ እንደተጋደመ እንዝርት።

ኤይንድሪደ ለማጅ ነው፣ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ፣
ጥያቄ አያልቅበትም፣ በብርድ የቀላ ፊቱ።
«ለምንድነው» አላት፣ «በዚያ ጉብታ ትከሻ ላይ
ክሩ ሙልጭ የማይለው? አያንሸራትተውም ወይ?»
«ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ነው።»
ልጁ ሳቀ። «ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ?»
«መንገዱ ነው የጎበጠው። እሱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው።
አጭሩን መንገድ የያዘን፣ ወደ ጎን የሚገፋው ምን አለው?»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ይላል የኛ ሰው ሲተርት።
በዚህ አዳራሽ ግን አንበሳ የለ፣ ጋማ የለ፣ ጥፍር የለ፤
ያ ሁሉ ድር የሚያብረው ትንፋሽን ለማሰር ነው፣
ሦስት መቶ እጥፍ ተረግጦ፣ ተጠቅጥቆ የታጨቀውን፣
አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጀርባው አዝሎት፣
ጭስ በዋጠው ደረጃ ላይ
ግድግዳ እየዳበሰ ሲወጣ፣
ለሠላሳ ደቂቃ ሰው ሆኖ እንዲቆይበት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። የአንዱ ቀሰም ፍሬን ላላ።
መብራት አልበራም፣ ደወልም አልጮኸ፤
ቱሪድ ብቻ አየች፣ ከጥቁሩ ውስጥ ጥቁር፣
አንዲት ጭረት፣ ከጎረቤቶቿ ይልቅ ያበራች፣
የሚወጥራት ስላጣች ዘና ብላ የተኛች።
ቀዩን ቁልፍ መታች።

ኡድቫር መጣ፣ የፈረቃው አለቃ፣ ሰዓቱን እያየ።
«ምን ሆንሽ?»
«አንዷ ላልታለች።»
«የቀረው ዘጠኝ ንብርብር ነው። የሚመጣው ይሸፍናታል።»
«ይሸፍናታላ። እኔም የምፈራው መሸፈኗን ነው።»
ሲጨርስ በቀይ ቀለም የመስቀል ምልክት አደረገችበት፤
እሱም ሁለት ሺህ ክሮነር ብሎ አጉተመተመ፣ ሒሳቡን እያሰላበት።

በምድጃ በስሎ ሲወጣ፣ ዓርብ ዕለት ሊያፈነዱት ወሰዱት፣
ከወፍራም ግንብ ጀርባ ውሃ ሞልተው አስጨነቁት።
መርፌው ወጣ። ስድስት መቶ። ሰባት መቶ ሃምሳ።
ደንቡ ዘጠኝ መቶ ይላል፤ አለፈው። ሌላ መቶ። ሌላ ሃምሳ።
ከዚያ አንድ ድምፅ፣ አጭር፣ ግንቡን የነቀነቀ፤
ውሃው ወለሉን አለበሰ፣ መርፌው ዜሮ ላይ ወደቀ።

«አየሽ» አለ ኡድቫር፣ ደስ ሳይለው አልቀረም፣
«ጤነኛ ነበር ዕቃው። እንዲህ ያለ አይጣልም።»

ቱሪድ አልመለሰችም። ስብርባሪው ፊት ተንበረከከች።
ክሩ ሁሉ ተበጥሶ፣ እንደተነጨ ጸጉር ቆሞ፣
በጣቷ ስትፈልግ፣ ስትፈልግ፣ አገኘቻት፤
ሙሉ ናት። ከዳር እስከ ዳር። ምንም አልነካት።
«ይቺ ናት» አለችው ለልጁ፣ «ሳትበጠስ የቀረችው።
ምን ይበጥሳታል? ሸክሙን ሌሎቹ ናቸው የተሸከሙት።»
ኤይንድሪደ ትንሽ ቆየና፣ ማንም ሳይነግረው፣
የጎበጠ ትከሻውን ቀና አደረገው።

ሰኞ ማታ ፍሬኑን አጠበቀች፣
ክሩን እንደ ክራር አውታር በጣቷ መታ አደረገችው፤
መለሰላት።
ውጭ በረዶ ይጥላል፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ገና አላለፈም።
ዘንጉ ተነሣ፤ ክሩ ጀመረ፣
ዙሪያ ጥምጥም፣
ቀጥ ብሎ።